የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ

መስታወቱ ዞሯል።

ኬሚስቷ የሠራተኛ ሰርቪሱ ላይ እግሯን እንዳሳረፈች መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ከሹፌሩ ራስ በላይ የተሰቀለው ሰፊው የውስጥ መስታወት፣ ከዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት የሱን ዓይን ለሷ፣ የሷን ዓይን ለሱ ሲያደርስ የኖረው መስታወት፣ ፊቱን ወደ ጣሪያው አዙሯል። ጣሪያው ላይ ደግሞ ከተላጠ ቀለም በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«እንደምን አደርክ?» አለችው።

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን» አለ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል። ሰርቪሱ ገና አልተነሳም፤ ከፊቱም አንድ ያረጀ ግንብ ብቻ ነበር። ግንቡን ነበር የሚያየው።

ከበሩ አጠገብ ያለችው የመጀመሪያዋ ወንበር የሷ ናት። ማንም አይቀመጥባትም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም የለም፤ የቀለም ፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ መልሱን ያውቃላ! ተቀመጠች። ጨከነብኝ፣ አለች በልቧ። በኔ የተነሳ ከሥራው ሊባረር ነው፤ ታዲያ ምን ያድርግ፣ ይጨክንብኝ እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ከፋብሪካው በታች ባለው ዳገት፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ፣ ሰርቪሱና ከፊቱ የነበረች አንዲት አዲስ መኪና ተጋጩ። የሰርቪሱ አፍንጫ ተላጠ፣ የመኪናዋ ጀርባ ሰረጎደ፣ ሰው አልተጎዳም። የኋለኛው የፊተኛውን መታ ሲባል ደግሞ ፍርዱን ለመስጠት መማር አያስፈልግም፤ ጥፋተኛው የኋለኛው ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ሁለቱም መኪኖች ከቦታቸው ተነስተው ስለነበር የቆሙበትን ለክቶ ፕላን ማንሳት አልቻለም። «ርቀት ባለመጠበቅ» ብሎ የሹፌሩን የቅጣት ወረቀት ጻፈና ሄደ።

ከቦታው ያነሳው ማን ነው? ራሱ ሹፌሩ ነው። ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክሱን ሲያንባርቅ የፊተኛዋ መኪና ጌታ «መንገዱን ክፈት እንጂ!» ብሎ ጮኸበት፤ እሱም እንደታዘዘ ሰርቪሱን ወደ ዳር አወጣው። ሰው አክባሪነቱ ነው ጉድ የሠራው። የጮኸበት ሰውዬም እንዲህ በቀላሉ እምቢ የሚባል አይደለም። የፋብሪካው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነው። የኬሚስቷ ታላቅ ወንድም።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አባታቸው ሲሞት የሷ የወተት ጥርስ ገና አልረገፈም ነበር። በክረምቱ ጭቃ ትከሻው ላይ አድርጎ ትምህርት ቤት ያደረሳት እሱ ነው። እሷ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ የራሱን ትምህርት አቋረጠ፤ እሷን ቦታ ላስይዝ እያለ ሲያራዝም ማግባት ረሳ። የፋብሪካ መኪና ከተሰጠው ወዲህ ከአንድ በር አብረው ይወጡና እሱ ወደ መኪናው፣ እሷ ወደ ሰርቪሱ ይሄዳሉ። ለምን ከኔ ጋር አትሄጂም ሲላት «የአዲስ መኪና ሽታ ያዞረኛል» አለችው። ቀኑን ሙሉ ቀለምና ቲነር ስታሸት የምትውል ሴት የመኪና ሽታ ያዞራታል ብሎ የሚያምን፣ እህቱን ከልቡ የሚወድ ወንድም ብቻ ነው።

ያዞራትስ ሹፌሩ ነበር። የሰርቪሱ ተሳፋሪ «አይቸኩሌ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ድመት ያሳልፋል፣ ቢጫ መብራት ሲያይ ቀይ ነው ብሎ ይቆማል፣ ቁልቁለት ላይ ሳይቀር ብስክሌት ይቀድመዋል። መብራት ሲይዛቸው የእጅ ፍሬኑ ቅርርር ይላል፤ ያን ጊዜ እሷ ቀና ትላለች፤ ዓይኖቹ መስታወቱ ውስጥ ይጠብቋታል። አረንጓዴ ሲበራ ያበቃል። በዚህ ተጀምሮ ነው እሁድ እሁድ ከሰው ራቅ ብለው በእግር እስከመሄድ፣ እስከመሳሳቅ፣ «ወንድምሽን ላናግረው?» «ቆይ እስቲ» እስከመባባል የደረሰው። እሱ ሲጠይቅ እሷ «ቆይ» ስትል ዓመቱ አለቀ።

ያን ጠዋትም ዓይኖቹ መስታወቱ ውስጥ ነበሩ። ፈገግ እያሉ ነበር። ከዚያ «ጓ!»

ስለዚህ ኬሚስቷ በራሷ ላይ ከፈረደች ሰነበተች። ፋብሪካውም ፈርዷል። ከኋላዋ ሁለተኛው ወንበር ላይ ሹራብ እየሠሩ የሚጓዙት ገንዘብ ያዥ፣ ከጀርባቸው «ሬዲዮ» የሚባሉት ሴትዮ፣ ወሬውን ለየክፍሉ አዳርሰውታል፤ እሷን ሲያይ ነው የገጨው። በፋብሪካው በር ላይ ደግሞ ተለጥፎ የከረመ ማስታወቂያ አለ፤ በፋብሪካው መኪና ግጭት አድርሶ ጥፋተኛ የሆነ ማንኛውም ሰው ቁልፉን ያስረክባል። የምክትሉ ፊርማ አለበት።

አይቸኩሌ ግን ቅጣቱን አልቀበልም ብሎ ለትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ቅሬታ አስገባ። «እኔ ቆሜ ነበር። የፊተኛዋ መኪና ናት ወደ ኋላ ተንሸራታ የመጣችብኝ።» ሰው ሳቀበት። የገጨ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው።

እሷ አልሳቀችም። ያመነችውም እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበረችም፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍራትም ይሄ ነበር።

*

«ነገ ከሰዓት ቅሬታ ሰሚው ዘንድ እንቀርባለን» አለ ወንድሟ በዚያው ቀን እራት ላይ። «አንቺም ትመጫለሽ።»

ማንኪያዋ ሳህኑን መታው። «እኔ? እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«ከፊት አይደል የምትቀመጪው? እየነዳ መጥቶ መታው ትያለሽ፣ በቃ።»

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ መንገዱን...»

«የሆነውን ተናገሪ ነው ያልኩሽ። በሕይወቴ ውሸት ተናገሪልኝ ብዬሽ አውቃለሁ?»

አያውቅም። ጭንቁ ያ ነው። ክፉ ወንድም ቢሆንማ በሩን በላዩ ላይ ዘግታ ትወጣ ነበር፤ ከደግ ሰው ግን በየት በኩል ይወጣል?

እናቷ ዳቦውን ወደሷ ገፋ አደረጉላት። «አይ ልጄ፣ ወንድምሽ አንድ ቀን እንኳ ምን ለምኖሽ ያውቃል? አንድ ቃል ነው። ተናግረሽ ነፃ አውጪው፤ ሠራተኛው ፊት ባላጠፋው አንገቱን እንዳይደፋ።»

«ደግሞ የሚወራውን ሰምቻለሁ» አለ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለእናታቸው እንዳይሰማ ብሎ ነው፤ እናታቸው ግን እንዲህ ያለውን ነገር ግድግዳ ጥሶም ይሰማሉ። «በመስታወት ያይሻል አሉ። አንቺ ጨዋ ስለሆንሽ ለኔ አልነገርሽኝም። ባለጌ! እህቴን እያፈጠጠ ነው እኔን የገጨኝ። ቁልፉን ካስረከበ በኋላ ዞር ብሎ እንዳያይሽ አደርገዋለሁ።»

እኔም አየዋለሁ እኮ! ሦስት ቃል ናት። ምላሷ ጫፍ ደረሰች። ጨዋ ያላትን አፍ ከፍታ ይህን ልትለው ነው? ያ ትከሻ፣ ያ የክረምት ጭቃ መጣባት። ቃሉን ከነምራቋ ዋጠችው።

«ውሃ ታቀብይኛለሽ?» አለ ወንድሟ።

አቀበለችው። ቀና ብሎም አላያትም፤ የመኪናውን ነገር ለእናቱ እያስረዳ ነበር። ከሚወዷት ሰዎች መካከል ተቀምጣ እንደዚያ ቀን ብቻዋን ሆና አታውቅም።

*

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ላይ ከላብራቶሪዋ ወጥታ ወደ መኪና ማጠቢያው ግቢ ወረደች። አይቸኩሌ በሰርቪሱ የፊት መከላከያ፣ በፓራውልቱ ሥር ቁጢጥ ብሎ የተላጠውን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል። ጠርጎ ጠርጎ ጨርሶታል፤ አሁንም ይጠርጋል።

«መስታወቱን ለምን አዞርከው?»

ጨርቁን ጨመቀ። «ላንቺ ብዬ።»

«ለኔ? ጨክነህብኝ ነው እንጂ!»

«እንዴት ልጨክን?» ቀና አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ሰው ሁሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው መስታወቱን ሆነ። እሱን አይቶ ወዳንቺ ይዞራል። አንዱ ይጠቅሳል፣ ሌላው ያስላል። አንቺ ደግሞ መሀል ላይ አንገትሽን ደፍተሻል። ምን ላድርግ? ነቅዬ ልጣለው?»

ከትናንት ጀምሮ ግንቡን የሚያየው ለካ ለሷ ኖሯል። ተጠግታ ትከሻውን መንካት አማራት፤ ከማሸጊያ ክፍል መስኮት ሁለት ራስ ብቅ ብሎ ነበርና እጇን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«ዛሬ የት ታይ ነበር ብለው ሲጠይቁህ ምን ልትል ነው?»

«ቆሜ ነበር እላለሁ።»

«የት ታይ ነበር ነው እኮ የሚሉህ!»

«ቆሜ ነበር እላለሁ።»

«ያባርሩሃል፣ አንተ ሰው! ያለ መሪ ምን ታውቃለህ? ምን ሠርተህ ልትኖር ነው?»

«ያባርሩኝ። ወደማን ነበር የምታየው ይሉኛል፣ ስም ጥራ ይሉኛል። የሰርቪስ ቁልፍ በስምሽ ከፍዬ አልገዛም።» ተነስቶ ቆመ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሌላው ሰው ይሳቅ። ቆሜ ነበር ስል አንቺ ታምኚኛለሽ?»

ወዲያው መመለስ ነበረባት። ዓይኖቹ መስታወቱ ውስጥ ፈገግ ሲሉ፣ ከዚያ «ጓ» ሲል፣ ያ ጠዋት መጣባትና አንዲት ትንፋሽ ዘገየች።

«አምንሃለሁ።»

እሱ ግን ትንፋሿን ሰማት። ከዓመት በላይ ያለ ድምፅ ሲነጋገሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለው እንዴት ያመልጠዋል? «ገባኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደመንዳቱ። «ዛሬ አትምጪ።»

«ወንድሜ ምስክር አድርጎኛል።»

«ለማን?»

መልሷን ሳይጠብቅ ጨርቁን ፓራውልቱ ላይ አሰጣውና ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ።

*

የቅሬታ ሰሚው ክፍል መስኮት አለው፤ አይከፈትም። ከክፈፉ ጋር አብሮ ተቀብቷል። ኬሚስቷ ግድግዳውን ስታይ ቀለሙን አወቀችው። ግራጫውን ራሷ ናት የቀመመችው፤ ቢሮዎች ቆሻሻ አያሳይም ብለው ይወዱታል። አሁን በአራቱም በኩል ከበባት።

ሰብሳቢው በትራፊክነት ያረጁ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት የእንጨት መኪኖች አሉ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ነጭ። ከወዲህ ወንድሟ፣ ከወዲያ አይቸኩሌ ተቀምጠዋል። እሷ ከሬዲዮ ጎን ከግድግዳው ተጣብቃለች።

«ቀዩ የእርስዎ መኪና፣ ነጩ ሰርቪሱ ነው እንበል» አሉ ሰብሳቢው። «የሆነውን ያሳዩኝ።»

ወንድሟ ነጩን ወደ ቀዩ ገፋው። ኳ!

«አንተስ?»

አይቸኩሌ ነጩን አልነካውም። ቀዩን ወደ ኋላ ሳበው። ኳ!

«አያችሁ፣ ድምፁ አንድ ነው» አሉ ሰብሳቢው እየተነፈሱ። «የጉዳቱ ቦታም አንድ ነው። ፕላን የለም። ከሰው በቀር የምጠይቀው ነገር አልቀረኝም። ሲመታህ ወዴት ታይ ነበር?»

«ቆሜ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ዓይንህ የት ነበር ነው የምልህ?»

ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ተቆላለፉ። ወንድሟ በፉጨት ያህል ተነፈሰ፤ ይኸው፣ ማለቱ ነው።

ሬዲዮ ተጠየቁ። ይህን ቀን ሲጠብቁ የከረሙ ይመስላሉ፤ ቦርሳቸውን አስተካክለው ተነሱ። «እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፣ ለማንም አላዳላም። መስታወቱን ነበር የሚያየው። መስታወቱ ውስጥ ደግሞ...» ኬሚስቷን በጎን አዩአት። «እንግዲህ መስታወቱን ነበር።»

«ያን ጊዜ ሰርቪሱ ይሄድ ነበር ወይስ ቆሟል?»

«እሱን እንኳ እንጃ። መንገዱን አላየሁም። ደግሞ የዚህ ልጅ አነዳድ ሲሄድና ሲቆም አይለይም!»

ሰብሳቢው ፈገግታቸውን በመነጽራቸው ሸፈኑና ወደ ኬሚስቷ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? ከፊት ነበርሽ አሉኝ።»

ተነሳች። ወንድሟ ዞሮ በዓይኑ አይዞሽ አላት፤ ድሮ የክፍል ግጥም ልታነብ ስትወጣ እንደሚያያት ነው ያያት። አይቸኩሌ መሬት መሬት ያያል።

«ቆሞ ነበር» አለች።

የወንድሟ ፊት ተለወጠ። «ምን?»

«መንገዱን ታዪ ነበር?» አሉ ሰብሳቢው።

«አላይም ነበር።»

«ታዲያ መቆሙን በምን አወቅሽ? እሳቸው እንዳሉት ከሆነ ሹፌሩ ወደ መስታወት ያያል። መንገዱን የማያይ ሹፌር ይሂድ ይቁም ራሱስ ያውቃል? በይ ተቀመጪ ልጄ።» እስክሪብቷቸውን አነሱ።

ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። በዚህ ቢያልቅ ምን አለበት? ተናግራለች፣ ሞክራለች፣ ማንም አይወቅሳትም። ወንድሟ ማታ ይቅር ይላታል፤ አይቸኩሌ ደግሞ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል፤ እሷም ከነገ ወዲያ የአዲስ መኪና ሽታ ትለምዳለች። ሁሉ ነገር ሊዘጋባት አንድ ፊርማ ቀረው። ያኔ፣ ወንበሩን በእጇ እንደነካች፣ ያን ጠዋት ከ«ጓ» በፊት የነበረው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ቅርርር። ሰምታው ነበር። ሰምታው ነው ቀና ያለችው። ስንት ቀን ሙሉ ዓይኖቹን ብቻ ስታስታውስ ምን ቀና እንዳደረጋት አንዴ እንኳ አላሰበችም!

«ወደኔ ነበር የሚያየው» አለች ጮክ ብላ።

እስክሪብቶው ቆመ።

«ይኸው!» አለ ወንድሟ ጠረጴዛውን እየመታ። «ከራሷ አፍ ሰማችሁ!»

«አልጨረስኩም፣ ወንድም ጋሼ።» ድምፏ ተሰበረ፤ አልተወችውም። «እሱ ወደኔ ነበር የሚያየው፣ እኔም ወደሱ። ከዓመት በላይ ስንተያይ ኖረናል። እሱ ባለጌ ሆኖ እኔ ጨዋ ሆኜ ዝም ያልኩት አይደለም። እወደዋለሁ። ወንድምሽን ላናግረው እያለ ሲለምነኝ ቆይ እያልኩ ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

ሬዲዮ «ወይ ጉድ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። አይቸኩሌ ቀና ብሎ «ተይ... አንቺ ልጅ፣ ተይ» አለ፤ የሚለምን ይመስል ነበር።

«መንገዱን አላየም ማለት ነዋ» አሉ ሰብሳቢው በቀስታ።

«አላየም። ማየት አያስፈልገውም ነበር። የእጅ ፍሬኑን ስቦ ነበር!» ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «ይህ ሰው ሰርቪሱ እየሄደ ወደኔ አይቶ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ። መጀመሪያ ሰሞን ኩራት መስሎኝ ተቀይሜው ነበር። ‹ይሄን ሁሉ የሰው ልጅ ጭኜ አንቺን እያየሁ አልነዳም› አለኝ። የእጅ ፍሬን ሳይስብ ቀና አይልም። እኔም ድምፁን ካልሰማሁ ቀና አልልም። ያን ጠዋት ሰምቻለሁ። ካየኝ ቆሟል፣ ጌታዬ። እኔ ሌላ ማስረጃ የለኝም።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወረዱና ሬዲዮን አዩ። «እርስዎ ከኋላቸው ነው የሚቀመጡት። እየሄደ ሲያያት አይተው ያውቃሉ?»

ሬዲዮ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ሥርጭቱ ሲቋረጥ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «እየሄደ?... የለም። ባቡር ሐዲዱ ጋ ሲያቆመን ያያታል፣ መብራት ሲይዘን ያያታል፣ የፋብሪካው በር እስኪከፈት ያያታል። እየሄደማ አያይም። ለዚህ አይደል እንዴ እኔስ ቀይ ሲበራ ሹራቤን የማስቀምጠው!»

የሳቀ የለም። ሰብሳቢው ቀዩን መኪና በአንድ ጣት ወደ ወንድሟ ገፉት። «እርስዎስ? ዳገቱ ላይ ሲቆሙ የእጅ ፍሬን ስበው ነበር?»

ወንድሟ ቀዩን መኪና አላየም። እህቱን ነበር የሚያየው። ቁጣ ይሁን ሐዘን አይለይም፤ ገና ያን ሰዓት ያገኛትን ሰው ነው የሚያየው። ሰዓቱ ረዘመባት። ይካድ፣ አለች በልቧ፤ ይካድና ልጣላው፤ እንዲህ ከሚያየኝ መጣላት ይሻለኛል።

ጣቱን ዘረጋ። ቀዩን መኪና ወደ ኋላ ሳበው። ኳ።

«ስልኬ ወንበሩ ሥር ወድቆብኝ ነበር» አለ። «ጎንበስ ብዬ ስፈልግ መኪናዋ የተንቀሳቀሰች መስሎኝ ነበር። ከዚያ መታኝ አልኩ። አላወቅኩም... ማወቅም አልፈለግኩም።»

ሰብሳቢው የቅጣት ወረቀቱ ላይ ረጅም መስመር አሰመሩ። አይቸኩሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እሷ የምትመኘው ሁሉ ሆነ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ወንድሟ ኮቱን ሲያነሳ እጅጌው ጠፍቶት ሲደናበር አየችና፣ ከኋላ መጥታ የመታችው እሷ እንደሆነች ተሰማት።

*

ግቢው ውስጥ ሁለቱ መኪኖች ለምርመራ እንደቀረቡ ጎን ለጎን ቆመዋል። ወንድሟ የፊት በሩን ከፍቶላት ጠበቃት።

«ግቢ። ቤት እናወራለን።»

ከግቢው ማዶ አይቸኩሌ የሰርቪሱ ደረጃ አጠገብ ቆሟል። አልጠራትም። እጁን እንኳ አላነሳም። የምሽቱን ሠራተኛ ሊያደርስ መመለስ አለበት፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው፤ ግን ሞተር አላስነሳም።

ወደተከፈተው በር ተራመደች። ወንድሟ በሩን በያዘበት እጅ ላይ እጇን አሳረፈች። እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም።

«ወንድም ጋሼ» አለችው። «ዛሬም ሽታው ያዞረኛል።»

ያን ውሸት ከዓመት በላይ አብረው ኖረውበታል። አሁን ሁለቱም ራቁቱን አዩት። ወንድሟ ሊቆጣ ነው ብላ ጠበቀች።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ሽታው እንዳይኖር ብዬ ሁለቴ ነው ያሳጠብኩት።»

እዚያው አንገቱ ሥር ገብታ አለቀሰች። እሱ አላቀፋትም፣ አላራቃትምም። ትንሽ ቆይቶ በሩን ዘጋ፣ ቀስ አድርጎ፣ የሰረጎደውን ጀርባ አየት አድርጎ።

«ማስታወቂያውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ነገ ቁልፌን አስረክባለሁ» አለ። «ከነገ ወዲያ እኔም በሰርቪስ ነኝ። ከፊት ነው የምቀመጠው። ሰምተሻል?»

ይቅርታ ነው? ማስፈራሪያ ነው? አላወቀችም። ዞሮ ወደ መኪናው ሲገባ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

ሰርቪሱ ውስጥ ሬዲዮ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ሹራባቸው ጭናቸው ላይ ነው፣ አልነኩትም። ኬሚስቷ ገባች። ወደ ወንበሯ አልሄደችም። ከሹፌሩ ራስ በላይ እጇን ዘርግታ ያን ወደ ጣሪያ የዞረ መስታወት በገዛ እጇ መለሰችው፤ ከዚያ ተቀመጠች።

አይቸኩሌ ሞተሩን አስነሳ። ከበሩ ወጡ። ዓይኗን መስታወቱ ላይ ተክላ ጠበቀች። ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ወደታች የሰበረውን ሽፋሽፍቱን ታያለች፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። አላያትም። ቅድም የዘገየችባትን ያቺን ትንፋሽ ይቅር ብሏት እንደሆነ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ሬዲዮ ግን ከኋላዋ ትንፋሻቸውን ሳይቀር ውጠው ያዳምጣሉ። የመጀመሪያው መብራት አረንጓዴ ነበር። አለፉ። ሁለተኛው አረንጓዴ። በሌላ ቀን አንዱም የማያሳልፋቸው መብራት ያን ቀን ሁሉም ክፍት ሆነላቸው። ባቡር ሐዲዱም ባዶ ነበር።

«ምን ዓይነት ቀን ነው ዛሬ!» አሉ ሬዲዮ ከኋላ፣ ተናደው።

ዳገቱ ጋ ደረሱ። ያ መብራት ገና ከሩቅ አረንጓዴ ነበር። ቢጫ ሆነ። አይቸኩሌ እንደልማዱ ቀይ ነው ብሎ አመነ፣ ቀስ አለ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ።

እሷ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ደፋች። ባይስበውስ? ባይስበው ይቅር አላላትም ማለት ነው፤ አትጠይቀውም፣ አታለቅስም፣ ፋብሪካው በር ላይ ወርዳ ወደ ላብራቶሪዋ ትገባለች።

ቅርርር።

ቀና አለች።